በአፈር ብሎኬት ቤት ሠራሁ፣ "እንዴት ነው?" ለምትሉኝ ሁሉ

ሰላም ናችሁ። ኮምቦልቻ ላይ ቤት እየሠራሁ መሆኑን የምታውቁ ሰዎች ስለዚህ የአፈር ብሎኬት በየቀኑ ነው የምትጠይቁኝ፣ በስልክም፣ መንገድ ላይም፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር። ለአንድ ለአንድ ማስረዳት ስላልቻልኩ ቁጭ ብዬ ልጽፈው ወሰንኩ። መልሱን ከፊት ልበላችሁ፦ ወድጄዋለሁ፣ ድጋሚ ብሠራም በሱ ነው የምሠራው፣ ግን ለሁሉም ቦታና ለሁሉም ሰው አይሆንም፣ በተለይ "ርካሽ ነው" ሲባል ሰምታችሁ ብቻ ከገባችሁበት ትከስራላችሁ። ለምን እንደሆነ እያወራን እንሄዳለን፣ ረዘም ይላል።

ለማያውቀው ሰው፣ የአፈር ብሎኬት ማለት የጭቃ ጡብ ማለት አይደለም። ቀይ አፈር ይነፋል፣ ትንሽ ሲሚንቶ ይደባለቅበታል፣ እርጥብ እስኪል ብቻ ውሃ ይረጭበትና በማሽን ይጠቀጠቃል፣ በቃ። አይቃጠልም። የሸክላ ጡብ ግን እሳት ይፈልጋል፣ እሳት ደሞ እንጨት ነው፣ እኛ ጋ ያለው የዛፍ ነገር የታወቀ ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፣ በእጅ የሚጠቀጥቀው ሲንቫ ራም የሚባለው ማሽን የተሠራው በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ኮሎምቢያ ቦጎታ ውስጥ ነው፣ ከዛ ወዲህ ደሞ እንደ ደቡብ አፍሪካው ሃይድራፎርም ያሉ በሞተር የሚሠሩ መጡ። ብሎኬቱን የሸጡልኝ ልጆች የሚሠሩበትም በሞተር ነው፣ ብሎኬቱ ወንዴና ሴቴ ስላለው እርስ በርሱ እየተቆላለፈ ያለ ሞርታር (የአሸዋና የሲሚንቶ ማጣበቂያ) ይደረደራል። አንዱ ብሎኬት 22 ሳንቲ ስፋት፣ 24 ርዝመት፣ 11.5 ከፍታ አለው። ሲነሳ ይከብዳል፣ ወደ 12 ኪሎ ነው፣ ይሄን ክብደት ያዙት በኋላ እንመለስበታለን።

እኔ መጀመሪያ ሐሳቤ እንደ ሁሉም ሰው በሲሚንቶ ብሎኬት ነበር። የማህበር ቦታ ደርሶኝ ካርታ እጄ ከገባ በኋላ ፎርማኑ የዕቃ ዝርዝር ጻፈልኝ፣ ዝርዝሩን ይዤ ሱቅ ለሱቅ ስዞር ግን አንድ ነገር ገባኝ፣ ከምከፍለው ብር ብዙው ለዕቃው ሳይሆን ዕቃው ለተጓዘበት መንገድ ነው። ሲሚንቶው ከሙገር ወይ ከለሚ በሲኖትራክ ይመጣል፣ አሸዋው ከወንዝ ይመጣል፣ ብረቱ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል፣ ናፍጣ በጨመረ ቁጥር የኔም ቤት ዋጋ አብሮ ይጨምራል። እና ሲሚንቶ ለአየሩም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም፣ ኖራ ድንጋዩን ወደ 1,450 ዲግሪ አግለው ነው የሚያመርቱት፣ ነዳጁ አንድ ነገር ሆኖ ድንጋዩ ራሱም ሲቃጠል ካርቦን ይለቃል፣ ከዓለም የካርቦን ልቀት 7 በመቶ ገደማው ከሲሚንቶ ነው። ስለዚህ እኔ ለራሴ ያወጣሁት መለኪያ ቀላል ነበር፣ ሲሚንቶ የሚቀንስልኝ እና መኪና የሚያሳጥርልኝ ዕቃ ማለት ለኪሴም ለአካባቢውም የሚሆን ዕቃ ነው። "ኢኮ" ምናምን ተብሎ ቀለም የተቀባ ወረቀት ስለተለጠፈበት አይደለም።

ሌላው ምክንያት እናቴ ናት። እማ ደሴ የምትኖርበት ቤት የድሮ ጭቃ ቤት ነው፣ ግድግዳው ወፍራም፣ ጭዱ በደንብ የተቦካ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የደሴን ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ንፋስ አጥንት ይገባል፣ የእማ ቤት ግን ማታ ገብተህ በሩን ስትዘጋ ሞቅ ይላል፣ ቀን ደሞ ፀሐዩ ሲከር ውስጡ ቀዝቀዝ ያለ ነው። እኔ ኮምቦልቻ የተከራየሁት የብሎኬት ቤት መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ከሰዓት በኋላ አያስቀምጥም ነበር፣ ልጆቹን ይዤ ውጪ ዛፍ ስር ነበር የምውለው። እና ወፍራም የአፈር ግድግዳ ምን እንደሚያደርግ ማንም ሊነግረኝ አላስፈለገም፣ አድጌበታለሁ።

አሁን ወደ አፈሩ። ይሄን ክፍል በጥሞና አንብቡት ምክንያቱም ሁሉ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው "አፈር አይደል እንዴ፣ የግቢዬን ቆፍሬ እሠራበታለሁ" ይላል። እኔም እንደዛ ብዬ ነበር። የኔ ቦታ ሜዳው ላይ ነው፣ ጥቁር አፈር፣ ዋልካ። ብሎኬት አምራቾቹ ልጆች ጋ ስሄድ ኃላፊው (ወጣት ነው፣ ቴክኒክና ሙያ የጨረሰ) ከመሬትህ አንድ ፌስታል አምጣ አለኝ፣ ከ50 ሳንቲ በታች ቆፍረህ፣ ላዩን ሣርና ሥር ያለበትን እንዳታመጣ። አመጣሁ። ሁለት ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ አወጣ፣ በአንዱ የኔን አፈር ሲሶ ያህል ሞላ፣ በሌላው እነሱ ከኮረብታው ሥር የሚያመጡትን ቀይ አፈር፣ ውሃ ጨመረ፣ ቆንጠር አርጎ ጨው ጨመረ፣ ደህና አርጎ ናጠውና ሁለቱንም ጠረጴዛ ላይ አስቀመጣቸው። "አሁን አትነካካቸው" አለኝ። ቀዩ ላይ ደቂቃ ሳይሞላ አሸዋው ታች ተቀመጠ፣ መስመሩ በዓይን ይታያል፣ ከዛ ቀስ እያለ ደቃቁ ላዩ ላይ ተኛ። የኔው ግን እንደ ቡና ጠቁሮ ቀረ። በማግስቱ ስመለስ ቀዩ ጠርሙስ ውሃው ጠርቷል፣ በማስመሪያ ለካነው፣ ከ10 ሳንቲው አፈር 6ቱ አሸዋ፣ 2ቱ ደቃቅ፣ 2 የማይሞላው ደሞ የሚጣበቀው ሸክላማ አፈር ነው። የኔው ውሃው ገና ድፍርስ ነው፣ ታች የተቀመጠው አሸዋ 2 ሳንቲ አይሞላም። "ይሄን ብትሠራበት ክረምት ያብጣል በጋ ይሰነጠቃል፣ ሲሚንቶ ብታጠጣውም አታስቆመውም" አለኝ። እኔን ሊሸጥልኝ የሚፈልግ ሰው እንደዚህ ብሎ የመሬቴን አፈር በዓይኔ ስላሳየኝ ነው ያመንኩት።

ከዛ ሁለተኛው ሙከራ አለ። 60 ሳንቲ ርዝመት፣ 4 በ4 የሆነች የጣውላ ሳጥን አለቻቸው፣ ውስጧን ዘይት ይቀቡና አፈሩን አርጥበው ይሞሉባታል፣ ጥላ ላይ እስኪደርቅ ያስቀምጡታል። ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ምን ያህል እንዳጠረ ይለካል። የቀዩ አፈር 2 ሳንቲ አጠረ፣ እዛ ላይ ተመሥርተው ነው የሲሚንቶውን ልክ የወሰኑት፣ አንድ እጅ ሲሚንቶ ለ16 እጅ አፈር። በበለጠ ቢኮማተር ሲሚንቶው ይጨምራል፣ በጣም ከበዛ ደሞ አሸዋ ይደባለቅበታል። ስለዚህ እናንተም ስትሄዱ መጀመሪያ የምትጠይቁት ዋጋ አይሁን፣ "ሳጥኗን አሳዩኝ" በሉ። ሳጥን የሌለው አምራች ሲሚንቶውን በግምት ነው የሚጨምረው ማለት ነው።

እሺ አሁን ሒሳቡ። ብር አልጽፍም፣ ምክንያቱም እኔ የገዛሁበት ዋጋ እናንተ ይሄን እስክታነቡ ተቀይሯል፣ የሲሚንቶ ዋጋ እንዴት እንደሚጫወት ታውቃላችሁ። በኪሎ ላስላላችሁ፣ ኪሎ አይቀየርም። በ1 ለ16 አንድ ከረጢት 50 ኪሎ ሲሚንቶ ወደ 60 ብሎኬት ያወጣል። ለአንድ ካሬ ግድግዳ 36 ብሎኬት ይገባል። ስለዚህ በካሬ 30 ኪሎ ሲሚንቶ። የሲሚንቶ ብሎኬቱ ባለ 20 (20 ሳንቲ ውፍረት) ከሆነ ለአንድ ካሬ 13 ገደማ ነው የሚገባው፣ ከአንድ ከረጢት 30 ብሎኬት ቢወጣ በካሬ 22 ኪሎ ያህል ይሆናል። አያችሁ? ብሎኬቱን ብቻ ካየን የአፈሩ የበለጠ ሲሚንቶ በላ! እኔም ይሄን ሳሰላ ደንግጬ ነበር፣ ልተወውም አስቤ ነበር።

ግን ግድግዳ ብሎኬት ብቻ አይደለም። የሲሚንቶ ብሎኬቱ መደርደሪያ ሞርታር አለው፣ ከዛ በውስጥም በውጪም ልስን አለው፣ ልስን ደሞ ሲሚንቶ የሚጠጣ ነገር ነው፣ ሁለቱ ሲደመሩ በካሬ ከ20 ኪሎ በላይ ይሄዳል። አጠቃላይ 45 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። የአፈሩ ግን ሳይለሰን ከቆመ በዛችው 30 ኪሎ ያልቃል። ልዩነቱ ያለው ልስኑ ላይ ነው! ለዚህ ነው "ርካሽ ነው ብላችሁ ብቻ ከገባችሁ ትከስራላችሁ" ያልኩት። በአፈር ብሎኬት ሠርቶ "ጎረቤት ጭቃ ቤት ነው እንዳይለኝ" ብሎ በሁለት ወገን በሲሚንቶ የሚያስለስን ሰው አውቃለሁ፣ ያ ሰው ገንዘቡንም አላዳነም፣ ሲሚንቶውንም አልቀነሰም፣ ክብደቱንም ተሸክሟል። ግድግዳው ገላውን እንዲያሳይ ካልፈቀዳችሁለት አትግቡበት። እውነት ለመናገር ደሞ ሲታይ ያምራል፣ ቀይ፣ መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ከሰዓት ፀሐይ ሲያርፍበት የሚሰጠው መልክ ቀለም ተቀብቶ የሚመጣ አይደለም።

ለኔ የግድግዳው ወጪ (ሙያተኛውንም ጨምሮ) ፎርማኑ መጀመሪያ ከጻፈልኝ ከአራት አንድ እጅ ገደማ ቀንሷል። የሙያተኛው ክፍያ የቀነሰው ድርደራው ስለሚፈጥን ነው፣ ግን የመጀመሪያዋ መስመር ላይ እንዳትቸኩሉ። እሷ ብቻ በሞርታር ነው የምትቀመጠው፣ እሷ በውሃ ልክ ካልተስተካከለች ከላይ የሚመጣው ሁሉ ይንጋደዳል፣ ሞርታር ስለሌለ ማስተካከያ ቦታ የለም። የኔ ግንበኛ ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ መጀመሪያ ላይ "ይሄ የልጆች መጫወቻ ነው፣ ያለ ሲሚንቶ ግድግዳ አይቶ የሚያውቅ ማነው" ብለው አልሠራም ብለውኝ ነበር። አባባ እባክዎ አንድ መስመር ብቻ ይሞክሩልኝ ብዬ ለምኛቸው ነው። ለዛች የመጀመሪያ መስመር አንድ ቀን ተኩል ፈጁ፣ ቱንቢያቸውን ጥለው፣ ሲባጎ ወጥረው፣ እያንዳንዷን በመዶሻቸው እጀታ ኳ ኳ እያደረጉ። ከዛ በኋላ ግን ግድግዳው በሁለት ሳምንት ውስጥ መስኮት ደረሰ፣ እሳቸውም "ይሄስ ደህና ነገር ነው" አሉ፣ ከሳቸው አፍ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ስለ ልጆቹ አገልግሎት ልናገር፣ ሪቪው ነውና ጥሩውንም መጥፎውንም። ቦታቸው ወደ ሐርቡ በሚወስደው መንገድ ወጣ ብሎ ነው፣ ተደራጅተው የሚሠሩ ወጣቶች ናቸው። ጥሩ ጎናቸው አፈሩን ማሳየታቸው፣ ሰው ሄዶ ሥራውን እንዲያይ አለመከልከላቸው፣ የሚያመርቱትን ቀን በቀን በኖራ መጻፋቸው። አፈሩ ትክክል መርጠቡን የሚያዩት በእጅ ነው፣ ጨብጠው ኳስ ያረጉትና ከወገብ ቁመት መሬት ላይ ይለቁታል፣ አራት አምስት ቦታ ከተሰበረ ደህና ነው፣ ዱቄት ከሆነ ደርቋል፣ እንደ ሊጥ ከተለጠፈ ውሃው በዝቷል። እየደጋገሙ ሲያደርጉት አይቻለሁ፣ ሰነፍ አይደሉም።

መጥፎው ይሄ ነው። በአጠቃላይ ወደ 4,000 ብሎኬት ነው ያዘዝኩት፣ በአይሱዙ 10 ዙር ማለት ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለት ዙሮች ሰኔ ሊገባ ሲል ተጣድፈው ላኩልኝ፣ እኔም ክረምቱ ሳይይዘኝ ብዬ ተጣድፌ ተቀበልኩ። በኖራ የተጻፈውን ቀን አላየሁም። ብሎኬት ከተጠቀጠቀ በኋላ ቢያንስ 7 ቀን በፕላስቲክ ተሸፍኖ ጠዋት ማታ ውሃ መጠጣት አለበት፣ ከዛም ጥላ ላይ ይቆያል፣ እስከ 28 ቀን ቢቆይ ጥንካሬውን ይጨርሳል። የኔዎቹ 5 ቀን ያልሞላቸው ነበሩ። ሲራገፉ ጠርዛቸው እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈር ነበር፣ 130 ብሎኬት ጥግ ጥጉ ረገፈ። ደውዬ ስናገር መጀመሪያ "ማውረጃ ላይ ነው የተሰበረው" አሉኝ፣ አዘንኩ፣ ከዛ ኃላፊው ራሱ በባጃጅ መጥቶ አየና ግማሹን ልተካልህ አለኝ፣ ግማሹ የኔ ጥፋት ሆነ። መተካቱ ጥሩ ነው፣ ሙሉውን ቢሆን ግን ትክክል ነበር፣ ምክንያቱም ያልበሰለ ዕቃ መላክ የአምራቹ ጥፋት ነው። ለነሱም ነግሬያቸዋለሁ። ስለዚህ እናንተ ዕቃው ከመጫኑ በፊት እዛው ሂዱ፣ ቀኑን እዩ፣ ሁለት ብሎኬት አንስታችሁ አጋጩ፣ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደርቋል፣ ዱፍ ካለ አልደረሰም። በቁልፍ ጫሩት፣ ዱቄቱ ብዙ ከወጣ አትቀበሉ። አንዱን ቤት ወስዳችሁ ባልዲ ውስጥ አሳድሩት፣ ጠዋት ጠርዙ እንዳለ ከሆነ ክረምትን ይችላል።

መሠረቱ ላይ ቆጥቤያለሁ ማለት አልችልም። በካሬ 36 ብሎኬት ሲባዛ በ12 ኪሎ ከ400 ኪሎ በላይ ነው፣ የሲሚንቶ ብሎኬት ግድግዳ የዚህን ግማሽ ገደማ ነው የሚመዝነው። በዛ ላይ መሬቴ ዋልካ ነው። ጥቁሩን አፈር አስወጥተን ገረጋንቲ (ጠጠራማ አፈር) ሞልተን እየጠቀጠቅን፣ ከዛ በጥቁር ድንጋይ መሠረት ሠራን። ድንጋይ እኛ ጋ አለ አልሃምዱሊላህ፣ ተራራው ሁሉ ድንጋይ ነው፣ ሩቅ አይመጣም፣ ለዚህም ነው ከኮንክሪት ይልቅ ድንጋዩን ያበዛሁት። መሠረቱን የጣልን ዕለት ጎረቤት ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ተጠርቶ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ዱዓ ተደርጎ ነው የተጀመረው፣ እማም ከደሴ ወርዳ ነበር። ድንጋዩ ከመሬት በላይ 60 ሳንቲ ይወጣል፣ ከጣራ ወርዶ የሚፈናጠረው ውሃ ብሎኬቱን እንዳይነካው።

ብረት ላይ ግን አትቆጥቡ፣ እለምናችኋለሁ። እኛ የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነን። አባቶቻችን የሚያወሩት የ1953ቱ የካራ ቆሬ መንቀጥቀጥ ማጀቴን ያፈረሰው እዚሁ ከኛ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ በኩል ነው፣ በ2017 ደሞ በፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ወራት ሙሉ ሲንቀጠቀጥ ሁላችንም ሰምተናል። ያለ ሞርታር የተደረደረ ግድግዳ ማሰሪያ ካልተደረገለት አደጋ ነው። እኔ ጥግ ጥጉ ላይ ኮለን (ብረት ያለው የኮንክሪት ቋሚ) አለኝ፣ በር መስኮቱ አናት ላይ ቤቱን ዙሪያውን የሚዞር ቢም (የኮንክሪት አግዳሚ) አለ፣ ከላይ ደሞ ግድግዳውን አናቱ ላይ የሚያስረው ቶፕ ታይ ቢም። "አፈር ብሎኬት ኮለን አያስፈልገውም" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ከሱ ጋር አትሥሩ። ፕላኑን መሐንዲስ እንዲያየው አድርጉ፣ ለዚህ የምትከፍሉት ገንዘብ ትንሽ ነው።

ጣራው ብዙ የሚወራለት ነገር የለውም። ቆርቆሮው እዚሁ ኮምቦልቻ የሚመረት ስለሆነ የጭነት ወጪ አልነበረብኝም፣ ጌጁን ግን ተጠንቀቁ፣ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ቆርቆሮው ይሳሳል፣ ባለ 35 ገዝቶ ባለ 30 የገዛ የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። ክፈፉን 80 ሳንቲ አስወጥቼዋለሁ፣ ግንበኛው በዛ ቢሉኝም፣ ምክንያቱም ያልተለሰነ የአፈር ግድግዳ ዋናው ጠላት ከጎን የሚመታ ዝናብ ነው። እንጨቱ ባህር ዛፍ ነው፣ በጋ የተቆረጠ፣ ሁለት ወር ጥላ ላይ ያደረቅኩት። እርጥቡን ከሰቀላችሁት ይጠማዘዛል፣ ሚስማሩን ይነቅላል። ለምስጥ ብለው የተቃጠለ የመኪና ዘይት የሚቀቡ አሉ፣ እኔ ልጆች የሚተኙበት ቤት ውስጥ ያን ነገር አላስገባም አልኩ፣ በሱ ፈንታ እንጨቱ በየትም በኩል መሬት እንዳይነካ አድርገናል፣ ሁሉም ቢም ላይ ነው ያረፈው። ምስጥ በቢም ላይ ሲወጣ መንገዱ ይታያል፣ በየወሩ እያየሁ እጠርገዋለሁ።

በርና መስኮቱን ከደሴ ነው የገዛሁት፣ ያገለገለ። መንገድ ሲሰፋ ከፈረሱ ቤቶች የወጣ የድሮ ጣውላ፣ ወይራና ዋንዛ አለበት፣ ወፍራም፣ አሁን በምንም ብር ብትፈልጉ የማታገኙት። አናፂው ላጭቶ ማጠፊያውን ሲቀይርለት አዲስ ሆነ። መጠኑን ግን ግድግዳው ከመጀመሩ በፊት ገዝታችሁ ለኩ፣ እኔ አንዷን መስኮት በኋላ ገዝቼ ብሎኬት በመጋዝ ስናስቆርጥ ዋልን። ውስጡን በኖራ ነው የቀባሁት፣ ኖራ ግድግዳውን ያስተነፍሰዋል። ለዚህ ምክንያት አለኝ፣ የእማን ጭቃ ቤት ከዓመታት በፊት "እናድሰው" ብለን በውጪ በኩል በሲሚንቶ አስለስነነው ነበር፣ ሁለት ክረምት አልቆየም፣ እርጥበቱ ውስጥ ታፍኖ ልስኑ አብጦ አብጦ አንድ ሌሊት ወረቀት እንደሚላጥ ተላጦ ወደቀ፣ ከሥሩ ያለው ጭቃ በስብሶ ነበር። እማ ምንም አላለችም፣ በማግስቱ ጭድና ጭቃ አስቦክታ መረገችው፣ እስካሁን አለ።

ደሴ ላይ ለምትሠሩ፣ ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁኝ እሱን ስለሆነ። ቁልቁለት ላይ ከሆነ ቦታችሁ ክብደቱን አስቡበት፣ መሬቱ የሚንሸራተትባቸው ሰፈሮች እንዳሉ ታውቃላችሁ፣ እዛ ላይ 50 ቶን ግድግዳ ከመጫናችሁ በፊት መሐንዲስ መሬቱን ይይ። ሁለተኛ ውሃ። ብሎኬቱን እዛው የምታስመርቱ ከሆነ ለአንድ ሳምንት ጠዋት ማታ መጠጣት አለበት፣ ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆናችሁ ሮቶ ወይ በርሜል ሳታዘጋጁ እንዳትጀምሩ። ሦስተኛ በልግ። እኛ ወሎዬዎች ክረምት ብቻ አይደለም ያለን፣ ከየካቲት ጀምሮም ይዘንባል፣ እኔ ኮምቦልቻ ላይ ሆኜ እንኳን አንድ የበልግ ዝናብ ግድግዳዬ አናቱ ሳይሸፈን ይዞኝ ሌሊት በፋኖስ ፕላስቲክ ሳለብስ አድሬያለሁ። ደሴ ከሆነ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለችውን ጊዜ ነው የምትጠቀሙባት። ብርዱን በተመለከተ ግን ለደሴ የተሠራ ነገር ነው፣ የኔ ቤት ራሱ ውስጡ ሲገባ እንደ እማ ቤት ነው።

አንድ የሚቀረኝ ነገር፣ በስተሰሜን ያለው ግድግዳ ዘንድሮ የመጀመሪያ ክረምቱን ነው የሚያየው። አሁን ሐምሌ አጋማሽ ነው፣ እስካሁን ከታች ሁለት መስመር ላይ ትንሽ ከመጥቆር ሌላ ነገር የለውም፣ ስነካው ጠንካራ ነው። መስከረም ላይ ያየሁትን እጨምርበታለሁ።

የተረፈኝ 90 ብሎኬት ነው። ለእማ ማድ ቤት ላወጣው ብዬ መኪና ስጠይቅ፣ የሐረጎን ዳገት አውጥቶ ደሴ ለማድረስ የጠሩልኝ ዋጋ ከብሎኬቱ ዋጋ በለጠ። ስለዚህ ብሎኬቱ እዚሁ የዶሮ ቤት ይሆናል፣ ለእማ ደሞ ባለፈው እሁድ በገራዶ በኩል ካለ አንድ ዘመዳችን መሬት ላይ አንድ ፌስታል ቀይ አፈር ቆፍሬ አምጥቻለሁ። ሃይላንዱ ውስጥ ሞልቼ መስኮቷ ላይ አስቀምጨዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ደውላ "ውሃው ጠርቷል፣ አሸዋው ከግማሽ በላይ ነው" አለችኝ።